ሁሉም ሂጂ ያሉኝ ጊዜ

ከካርቱም ወደ ገዳሪፍ አውቶቡስ ላይ የወጣሁት ለማረፍ ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ጨርሻለሁ፤ ለሁለተኛው ደግሞ ባሕር ማዶ ካለ ዩኒቨርሲቲ ቦታ ተሰጥቶኛል። የምማረው ስለ አቀንጭራ ነው፤ የማሽላን ሥር ከመሬት በታች ይዞ ስለሚመጥጠው አረም። ቦታውን ያገኘልኝ ሱዳናዊ መምህሬ ስሰናበተው፣ "ደክሞሽ ከሆነ አንድ ዓመት ማቆየት ይቻላል" አለኝ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና፣ "ዓመት ልረፍ ብሎ ሄዶ የተመለሰ ተማሪ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም" ሲል ጨመረበት። እሱም ለእረፍት ወደ ትውልድ መንደሩ ስለሚሄድ፣ ሲመለስ ውሳኔዬን በስልክ ልነግረው ተስማማን።

በእርግጥም ደክሞኝ ነበር። ከጎንደር ገጠር ወጥቼ ድንበሩን ከተሻገርሁ ጀምሮ ትምህርትን የያዝሁት እንደ ሽሽት ነው። አንዱን ክፍል ስጨርስ ወደሚቀጥለው፣ ቀና ብዬ ሳላይ። ቆም ብዬ ወዴት እየሮጥሁ እንደሆነ ማወቅ አምሮኝ ነበር። በዚያ ላይ በዚያ ዓመት ረሃቡ ሰዉን ከደጋው እያፈለሰ ወደ ሱዳን ይነዳው ነበር። ካርቱም ውስጥ ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር የምሰማው ስለ እኔ አገር ሰው ነው።

ገዳሪፍ ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም። ጦርነቱ ሲከፋ እኔን አስከትለው ተሰደዱና በከተማው የእህል ገበያ የዱራ ነጋዴ ሆኑ፤ ሱዳኖቹ ማሽላን ዱራ ነው የሚሉት። እናቴ ቀድሞ በልጅነቴ ሞታለች። አባቴ ደግሞ "መሬቴን ለማን ጥዬ?" ብለው እዚያው ቀርተዋል። አጎቴ ገዳሪፍ ከገቡ በኋላ ያገቧት ሚስታቸው ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም፤ እንደ እህትማማች ነበርን።

ግቢ ስገባ አጎቴ ከወትሯቸው ፀዳ ብለው፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ጠበቁኝ። ሳሙኝና ገና ውኃ ሳልጠጣ፣ "መቼ ነው የምትሄጂው?" አሉኝ።

"ወዴት?"

"ወደ ትምህርትሽ ነዋ።"

ደነገጥሁ። እኚህ ሰው ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሳምንት ሙሉ ያኮረፉ ናቸው። "ሴት ልጅ ስንት ታነባለች? ዓይንሽ ይጠፋል" ይሉኝ ነበር። አሁን ግን መቀመጫ ሳይሰጡኝ ያስኬዱኛል።

"አንድ ዓመት አርፌ ልሂድ እያሰብሁ ነው" አልኋቸው።

"ምን የሚያሳርፍ አለ እዚህ? ይልቅ ቶሎ ሂጂ። ዛሬ የተሰጠሽን ነገ ሊነሱሽ ይችላሉ።" ይህን ብለው ወደ ሚስታቸው አዩ። እሷ ወደ ምድጃዋ ዞረች።

ጥርጣሬዬ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ ግቢው ጥግ ላይ ዘወትር የሚቆመው ሎሪያቸው አለመኖሩን አስተዋልሁ። ይህ ሎሪ የቤቱ ኩራት ነው፤ አጎቴ ከልጅ አስበልጠው ይጠብቁታል።

"ሎሪው የት ሄዶ ነው?" አልኋቸው።

"ሥራ ላይ ነው። ቁረይሻ።"

ከሰዓት በኋላ ሚስታቸውን ያንኑ ጠየቅኋት። ዱራ እየለቀመች ነበር፤ ቀና ሳትል፣ "መፋዛ ጭነት ሄዷል" አለችኝ። ቁረይሻና መፋዛ አንድ መንገድ ላይ አይደሉም። አንዳቸው እየዋሹኝ ነው፤ ወይም ሁለቱም።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ ሌላ ትርጉም ያዘብኝ። የአጎቴ መጋዘን ገበያው በሞቀበት ሰዓት ተዘግቶ ይውላል። የአገራችን ሰዎች ቡና ሊጠጡ መጥተው እኔ ስወጣ ጨዋታቸውን ያቆማሉ። የገዳሪፍ ጎረቤታችን የሆኑ አሮጊት አቅፈው ሲስሙኝ አልለቅ አሉኝ፤ ትከሻዬ ላይ ትኩስ ነገር ተሰማኝና "ምነው?" ስላቸው፣ "ናፍቆት ነው፣ ናፍቆት ነው" እያሉ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወጡ። ያን ያህል የሚናፍቁኝ ሴት አልነበሩም።

ምን ደብቀውኝ ይሆን እያልሁ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ የእህሉ ነገር ነው። በዚያ ወቅት የዱራ ዋጋ በየቀኑ እየናረ፣ ነጋዴው መጋዘኑን ቆልፎ ነገን ይጠብቃል ተብሎ በከተማው ይታማ ነበር። አጎቴም እንዲያ እያደረጉ ቢሆንስ? የተማረችው የወንድማቸው ልጅ ዓይኗ ሥር ይህን ማድረግ ከብዷቸው ቢሆንስ? ደግሞ ሌላ አሰብሁ። ገዳሪፍ ያኔ ሰው ሰውን የማያምንበት ከተማ ነበረች። ሻይ ቤት ገብተህ ብትቀመጥ አጠገብህ ያለው አንድም የደርግ ጆሮ ነው፣ አንድም የአንዱ ድርጅት፣ አንድም የሱዳን ጸጥታ ሰው። አገርህን ከመጠየቁ በፊት "የማን ነህ?" ይልሃል። ምናልባት አንዱ ወገን አጎቴን በእኔ በኩል እያስፈራራቸው ይሆናል፤ ከዚህ ሊያርቁኝ የፈለጉት ለዚያ ይሆናል አልሁ። ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ግን የገዛ ውሳኔዬ ከእጄ መውጣቱ ነበር። ልረፍ ወይስ ልሂድ ብዬ በሰላም እንዳላስብ፣ "ሂጂ" ባሉኝ ቁጥር መቅረት ያምረኛል።

አንድ ቀን ከገበያ መድኃኒት ቤት ስወጣ አንዲት ኸዋጃ፣ ፈረንጅ ነርስ ማለቴ ነው፣ እንግሊዝኛና አማርኛ የሚችል ሰው እየጠየቀች አገኘኋት። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የስደተኞች ካምፕ ትሠራለች። ለቀናት ብቻ እንዳግዛት ለመነችኝ፤ እኔም እሺ አልሁ። ለአጎቴ ስነግራቸው የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ።

"ካምፕ አትሄጂም።"

"ለምን?"

"በሽታ አለ። ኮሌራ ነው የሚሉት።"

"ተጠንቅቄ እሠራለሁ።"

"አትሄጂም አልሁሽ!" እንደዚያ ጮኸውብኝ አያውቁም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ባይሆን ካርቱም ሄደሽ መምህርሽን ጠብቂው" አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሄድሁ። እውነቱን ለመናገር ለተራበው ሰው ብዬ ብቻ አልነበረም። አጎቴ እንዳላየው የፈለጉትን ለማየት ነበር።

ካምፑ ያለው ምንም ዛፍ በሌለው ሜዳ ላይ ነው። አዲስ የመጡት ከድንኳኑ በፊት የሣር ዳስ ሥር ይሰለፋሉ። የእኔ ሥራ ነርሷ የሕፃናቱን ክንድ በጥብጣብ ስትለካ ማስረዳት ነበር። የመጀመሪያዋ እናት የልጇን ክንድ ነጥቃ ሸሸገች።

"ለምን ትለካዋለች? ለመገነዣ ነው?"

"አይደለም፣ እናቴ። ክንዱ የቀጠነ ልጅ ተጨማሪ ወተት ይሰጠዋል። እሱን ለመለየት ነው።"

"ወፈር ካለስ?"

"ወፈር ካለ እንደ ሌላው ሰው መደበኛውን ራሽን ይበላል።"

ጥቂት አየችኝና ክንዱን መልሳ ዘረጋችው። "እንግዲያማ ጠበቅ አድርጋ ትለካው" አለች። ለነርሷ ስተረጉምላት ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከመጣሁ ጀምሮ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነበር።

ከሰልፉ መካከል የልጅ ልጃቸውን ያዘሉ አንዲት ሴት ተራቸው ደርሶ ፊቴ ቆሙ። ፊታቸው ከስቶ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል፤ አላወቅኋቸውም። እሳቸው ግን ትክ ብለው አዩኝና የእናቴን ስም ጠሩ። "የእሷ ልጅ አይደለሽም? መልኳን አልጣልሽም።" ያን ጊዜ ድምፃቸውን አወቅሁት። ማሳቸው ከአባቴ ማሳ ጋር የሚዋሰን፣ በልጅነቴ እሸት የሚሰጡኝ ጎረቤታችን ነበሩ። ዘልዬ አቀፍኋቸው። እሳቸውም ተደገፉኝ።

"እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ" አሉኝ። "ብቻቸውን አልጣልናቸውም። አብረን ነው አፈር ያለበስናቸው።"

"ማንን?" አልሁ።

ዓይናቸው ፈጠጠ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ወይኔ! አልሰማሽም? አልነገሩሽም እንዴ?"

ነርሷ ጥብጣቧን እንደያዘች፣ "ምን አሉ?" አለችኝ። ሌላ የሚያስተረጉምላት ሰው የለም። "አባቴ ሞቷል አሉኝ" አልኋት። በእንግሊዝኛ ስናገረው የሌላ ሰው አባት መሰለኝ። የልጁን ክንድ ለክታ እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ቁጥሩን ተናገርሁ፤ ወተት እንደሚሰጠው ነገርኋቸው። ከዚያ በኋላ ነው መሬት ላይ የተቀመጥሁት።

ሴትየዋ አጠገቤ ተቀምጠው ሁሉንም ነገሩኝ። ዝናቡ ሁለት ክረምት ሲከዳቸው አባቴም በመጨረሻ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተነሱ። መተማ ሳይደርሱ አንድ ወንዝ ዳር ትኩሳት ጣላቸው። አህያ እየነዳ ቀድሟቸው የሚያልፍ ነጋዴ አግኝተው፣ ገዳሪፍ ላለው ወንድሜ በሎሪ እንዲደርስልኝ ንገርልኝ ብለው ላኩት።

"ነጋዴው መልእክቱን አደረሰ?" አልኋቸው።

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነበር። ድምፅ በሰሙ ቁጥር 'መኪና ነው?' ይሉን ነበር።"

ቤት የገባሁት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። አጎቴ ፊቴን አይተው ምንም ሳልናገር አወቁ። ተነሥተው ቆሙ፤ ከዚያ እንደ ልጅ ተንሰቅስቀው አለቀሱ። እኔ አላለቀስሁም።

"መቼ ሊነግሩኝ ነበር?"

"ትምህርትሽን ስትጨርሺ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴ አሉ ብዬ ልኖር ነበር?"

"ብነግርሽ ትቀሪያለሽ። ልጄን አስተምርልኝ ብሎ ነው የሰጠኝ፤ መርዶውን አርድቼሽ ትምህርትሽን ላስተውሽ?"

"ነጋዴው መጥቶ ነበር ወይ?"

"የምን ነጋዴ?" አሉ። ግን ከመመለሳቸው በፊት ሚስታቸውን አይተው ነበር፤ እኔም ማየታቸውን አየሁ።

ልቅሶ ተቀመጥን። ያን ሁሉ ቀን ሲደብቁኝ የነበሩት የአገሬ ሰዎች ቤቱን ሞልተው አለቀሱልኝ። ታፍኖ የቆየ እንባ ስለነበራቸው ከልባቸው ነው ያለቀሱት። አሮጊቷ ጎረቤታችን ደረታቸውን እየደቁ የአባቴን ስም ጠሩ። እኔ ግን ከእያንዳንዱ ፊት ላይ የማነበው አንድ ነገር ነበር፤ "አንተም ታውቅ ነበር፣ አንቺም ታውቂ ነበር።" ከሐዘኑ ይልቅ ጥርጣሬው ያንገበግበኝ ነበር። እህሉም፣ ድርጅቱም፣ ጸጥታውም ከልቤ ጠፍተው አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፤ መልእክቱ ደርሷቸው ቀርተዋል? ሎሪያቸው ለጭነት ተፈልጎ፣ ወይም መንገዱን ፈርተው፣ ወንድማቸውን ወንዝ ዳር ትተዋቸዋል?

ልቅሶው ካለፈ በኋላ የአጎቴ ሚስት ልብስ ስናጥብ ልታሰጣው የነበረውን አንሶላ መልሳ ገበቴው ውስጥ ጣለችው።

"ልነግርሽ ነው" አለች። "እሳቸው ግን እንዳይሰሙ።"

"ንገሪኝ።"

"ነጋዴው መጥቷል። በመጣበት ሰዓት ነው የተነሡት፤ ምሳቸውን እንኳ አልበሉም። ኸሪፉ ገና አልወጣም ነበር።" ኸሪፍ የዝናቡ ወቅት ነው። ያኔ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ከብት እንኳ አያሳልፍም። "ሰው ሁሉ 'መኪና አይሄድም' አላቸው፤ አልሰሙም። ከዶካ ወዲያ ጭቃው ሎሪውን ዋጠው። ጥለውት በእግራቸው ቀጠሉ። እየተንሸራተቱ፣ እየወደቁ ሲሄዱ፣ ቀብረው ከሌላው ሕዝብ ቀድመው የመጡ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ አገኟቸው።"

"ታዲያ ለምን አይነግሩኝም?"

"'ወንድሜ ጠርቶኝ አልደረስሁለትም' የሚለው ቃል ከአፋቸው አልወጣ አለ። ለእኔም የነገረኝ አብሯቸው የሄደው የሎሪው ረዳት ነው እንጂ እሳቸው አይደሉም።"

"ሎሪውስ?"

"እዚያው ነው። መሬቱ እስኪደርቅ።"

ባምናት በወደድሁ። ግን ሚስታቸው ናት፤ ቁረይሻና መፋዛን ደግሞ አልረሳሁም። አንገቴን ነቀነቅሁላትና ልብሱን ማጠብ ቀጠልሁ። ያመንኋት ከሳምንታት በኋላ፣ መሬቱ ሲጠነክር ሎሪውን ሌላ ሎሪ እየጎተተው ግቢ ሲያስገባው ነው። ጭቃው እስከ በሩ መያዣ ድረስ ደርቆ ተጋግሮበት ነበር፤ ከጎማው ሥር የተወተፉ ግንዶች ስብርባሪ ተሰክቷል። አንዱን በር ያለ መስተዋት ነው ያመጡት። ሰው ለውሸት ብሎ ሎሪውን እንዲህ አያደርግም። አጎቴ ወጥተው አላዩትም።

ለመምህሬ የምደውልበት ጊዜ ደረሰ። አጎቴ አሁንም "ሂጂ" ይላሉ፤ ነገር ግን ዓይኔን እያዩ አይደለም። ነርሷ "ቅሪ" ትላለች፤ አስተርጓሚ ስለምትፈልግ። የሁሉም ምክር ከራሱ ጉዳይ ጋር የተጣበቀ መሰለኝ። ከሁሉ የባሰ ደግሞ ራሴን ጠረጠርሁ። ልቅር ያልሁት ለሰዉ አዝኜ ነው? ወይስ ትምህርቱ አስፈርቶኝ ሐዘኑን ሰበብ አደረግሁት? ወይስ አጎቴን ልጠብቃቸው፣ ልሰልላቸው ነው? ሦስቱንም አገላብጬ አየኋቸው፤ ከሦስቱም ትንሽ ትንሽ ነበረብኝ። ጠዋት ስነቃ ግን የሚታየኝ የዩኒቨርሲቲው ግቢ አልነበረም። ሰልፉ ነበር የሚታየኝ፤ "ለምን ትለካዋለች?" ሲባል የሚመልስ ሰው የሌለው ሰልፍ።

ከፖስታ ቤት ደወልሁ። መስመሩ ይንኮሻኮሻል፣ ይቆራረጣል።

"አንድ ዓመት ልቆይ ነው" አልሁት በአረብኛ እየጮህሁ።

"ለማረፍ?"

"አይደለም። አባቴ ሞተ፤ ካምፕ ውስጥ እየሠራሁ ነው።"

"አላህ ይርሐመው" አለኝ፤ ነፍሱን ይማር ማለቱ ነው። "ቦታሽን አቆይልሻለሁ። ካልመጣሽ ግን ራስሽ ትነግሪኛለሽ እንጂ ከሌላ ሰው አልሰማም። ተስማማን?"

"ተስማማን።"

ያ ዓመት ዕረፍት አልነበረም። ከወራት በኋላ ሰዉ ከጠዋት እስከ ማታ እየጎረፈ ዳሱ አልበቃ አለ። ኩፍኝ ገባ። በየቀኑ ጠዋት መቃብር የሚቆፍሩትን አልፌ ወደ ሥራዬ እገባ ነበር። እናቶቹ ጥብጣቡን ይጠረጥራሉ፤ መርፌውን ይጠረጥራሉ፤ ስማቸውን ስጠይቅ ለማን እንደምሰጠው ይጠረጥራሉ። አልተቆጣኋቸውም። እኔም ቤቴ ውስጥ ከእነሱ የባስሁ ተጠራጣሪ ነበርሁ። "ለምን?" ሲሉኝ እስኪገባቸው መመለስ ለመድሁ፤ የማላውቀውን አላውቀውም ማለትም እንዲሁ። ጎረቤታችን የነበሩት ሴት የልጅ ልጃቸው ዳነላቸው። ምሽት ላይ ራኩባቸው ሥር፣ የሣር ዳሳቸው ማለቴ ነው፣ ተቀምጬ ስለ አባቴ ያወሩልኝ ነበር።

ቀጣዩ ዝናብ ሲቃረብ ብዙዎቹ መሬታቸውን ሊያርሱ ለመመለስ ተነሡ። ጎረቤታችንም ከሚሄዱት አንዷ ሆኑ። ይህን የሰሙት አጎቴ ካምፑ ድረስ በእግራቸው መጡ፤ አንድም ቀን ረግጠውት አያውቁም ነበር። ሴትየዋ ፊት ቆመው፣ "ያ የቀበራችሁበት ቦታ ይታወቃል?" አሏቸው።

"መንገዳችን ነው። አሳይዎታለሁ።"

እኔም ልሂድ ብዬ ነበር፤ አጎቴ ግን፣ "ይህ የእኔ መንገድ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ የትእዛዝ ሳይሆን የልመና ነገር ሰማሁና ተውሁት። አንድ ቄስ አስከትለው ከተመላሾቹ ጋር ሄዱ። ሰንብተው ሲመለሱ ከስተው፣ ጠቁረው፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። ውኃ ሰጠኋቸው። ጠጥተው ሲጨርሱ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"አገኘሁት" አሉ። "ከወንዙ ከፍ ይላል፤ ጎርፍ አልነካውም። ድንጋይ ደረደርንበት። ፍትሐቱንም አስደረስሁ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን እያዩ ተናገሩኝ። ዓመት ሙሉ እንደለመድሁት ፊታቸውን መረመርሁ። የወንዝ ዳር መቃብር ከክረምት በኋላ እንዴት ይለያል? ሴትየዋ ተሳስተው የሌላ ሰው ቢያሳዩዋቸውስ? ለእኔ ብለው ቢሆንስ? ልጠይቃቸው አፌን ከፈትሁ። እሳቸው የማንንም ጥያቄ ለመሸከም የማይችል ሰው ይመስሉ ነበር።

"እግዜር ይስጥዎ" አልኋቸው፤ አመንኋቸው።

በዚያው ወር ለመምህሬ ደውዬ "መጣሁ" አልሁት። ትምህርቴን ሄጄ ተማርሁ፤ በጊዜውም ጨረስሁ።